አሜን የተባለለት አሮጌ ሚኒባስ

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ አንድ ጎሚስታ ቤት አለ። ለማያውቀው ሰው ጎማ የሚጠገንበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ለሚያውቀው ግን የመኪና ሸንጎ ነው። አባቴ ሚኒባሱን ይዞ ከሐይቅ ውጫሌ ሲመላለስ ይውልና አመሻሹ ላይ እዚያ ደጃፍ ያቆማል፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ክርክሩን ይቀላቀላል። እኔ ውጫሌ ካለው መሥሪያ ቤቴ በእሱ የመጨረሻ ጉዞ ስለምመለስ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ቦርሳዬን ታቅፌ ጥግ ላይ እጠብቃለሁ።

በእነዚያ ሁሉ ምሽቶች አንድም ቃል ተናግሬ አላውቅም። ዓይን አፋር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንኳ መልሱን እያወቅኩ እጄን ሳላነሣ የቀረሁባቸው ቀናት ይበዛሉ። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲኖር የምለውን በወረቀት ጽፌ እገባለሁ፤ ወረቀቱን እንዳጣጠፍኩት ይዤው እወጣለሁ። ጎሚስታ ቤት ደግሞ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ታላቄ፣ ሁሉም ጯሂ ነው። ስለዚህ ሰማሁ። ብዙ ሰማሁ። ዛሬ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ምን ምን መታየት እንዳለበት ብጠየቅ፣ ከተመረቅሁበት ትምህርት ይልቅ ይህንን አሳምሬ የምመልስ ይመስለኛል።

ሸንጎው አንድ የማያልቅ ጉዳይ ነበረው፦ አዲስ መኪና ይሻላል ወይስ ያገለገለ?

የቤቱ ባለቤት ጎሚስታው ያገለገለ መኪና ወገን ነው። ድምፁ ከአየር መሙያው ይበልጣል። «ያገለገለ ማለት እኮ የተፈተነ ማለት ነው!» ይላል ጎማ እያገላበጠ። «አዲሱ ገና አመሉን አላወጣም። ዛሬ ይስቅልሃል፣ ነገ ቁልቁለት ላይ ጉድ ይሠራሃል። አሮጌው ግን ያለውን አመል ሁሉ አውጥቶ ጨርሷል። ከዚህ በላይ ምን ያመጣል?»

የአዲሱ ወገን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሐጂ። በወጣትነታቸው የአሰብን መስመር በከባድ መኪና ሠርተዋል፤ አሁን ግን ከመቁጠሪያቸው በቀር የሚይዙት ነገር የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ጥፋት ስጠግን ኖርኩ» ይላሉ። «አሮጌ መኪና ስትገዛ ብረቱን ብቻ አይደለም የምትገዛው፤ የማታውቀውን ሰው አነዳድ ጭምር ነው። አላህ ካለ አንድ ቀን ላስቲኩ ያልተነሣ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።»

«ሐጂ፣ ላስቲኩን ሊለብሱት ነው እንዴ?» ይላል ጎሚስታው።

«አንተን እጠቀልልበታለሁ!»

አባቴ የጎሚስታው ወገን ነበር፤ እንዲያውም ከጎሚስታው የከረረ። መኪና ባየ ቁጥር ላሜራውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠው ዝም ይላል። ድፍን ያለ ድምፅ ከሰማ ግን ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ መኪናው ተጋጭቶ ተለስኗል ማለት ነው፤ ያኔ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ሳይነግረው አያልፍም። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ በአበባ የተሸለመውን የሙሽራ መኪና በር አንኳኩቶ «ይቺ ተገልብጣ ታውቃለች» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሙሽራዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ያን ቀን ዳግመኛ አላናገረችውም።

የኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዳችን ማለፍ ሲጀምሩ ሸንጎው «ሞባይል» የሚል ስም አወጣላቸው። አንዱ ሲያልፍ «ሞባይል! ሞባይል!» ይባላል። «ቻርጅ አለው?» «ሚስድ ኮል አድርግለት!» ከሁሉም አብልጦ የሚያላግጠው አባቴ ነበር። «መኪና ካልጮኸ መታመሙን በምን አውቃለሁ?» ይል ነበር። «እኔ በጆሮዬ ነው የምነዳው። የዚህ ሾፌር በምኑ ሊነዳ ነው? በጸሎት?»

ይህን በሚልባቸው ወራት የአባቴ ግራ ጉልበት ይታመም ነበር።

መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ከሚኒባሱ በወረደ ቁጥር አራቱን ጎማዎች እየዞረ ያያል። ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳየው ዓይኑ ጎማው ላይ የለም፤ እጁ ግን በሩን፣ ጣሪያውን፣ ኮፈኑን እየያዘ ነው የሚዞረው። እግሩ እስኪፍታታለት ነበር የሚዞረው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን በዚያ ሚኒባስ ላይ እንደ ድንጋይ ከባድ ነው። የውጫሌ ገበያ ቀን ደግሞ ከሰውና ከበግ መሀል ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በልመና ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ የጉልበቱን የራጅ ፎቶ አይቶ ብዙ አላወራም። ፍሪሲዮን መርገጥ ካላቆመ ጥቂት ቆይቶ መራመድም እንደሚቸግረው ነገረው። አባቴ ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና «ጎሚስታ ቤት እንዳይሰማ» አለኝ።

«ለምን አባዬ?»

«ሾፌር እግሩን ታመመ ከተባለ አለቀ። ማን ይሳፈርለታል? እነዚያስ ቢሆኑ ያዝኑልኛል። እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም።»

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነበር። አባቴ ከመንዳት በቀር የሚወደው ሥራ የለውም። መንዳት ካቆመ ያ አሮጌ ጎማ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀመጥ ታየኝ፤ ሌሎች ስለ መንገዱ ሲያወሩ እሱ ስለ ድሮው ሲያወራ።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ትንሽ ራቅ ብሎ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጥበት ቤት ነበር። አባቴ «ትንሽ እንረፍ» አለኝ። ወንበር ያለበት ሻይ ቤት ከመንገዱ ማዶ እያለ፣ ለማረፍ የገባው እዚያ ነው። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠ። ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘረጋው። የሚረገጥ ነገር የለም። እግሩን ቀኝና ግራ አንቀሳቀሰው፤ አሁንም የለም። ሻጩ ስለ ባትሪው ሲያስረዳ አባቴ አልሰማውም። ወደ ታች፣ ያ ባዶ ቦታ ላይ፣ እያየ ነበር።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ የሐይቁ ውኃ ከታች ታየን። አባቴ «መብራት ሲጠፋስ?» አለ።

ይህ ለእኔ ሥራ ነበር። ደብተር ገዛሁና መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ሁለት ወር ሙሉ ጻፍኩ። ሌሊት ሌሊት ብዙ ጊዜ እንደሚኖር፣ ቀን እንደሚያስቸግር አሳየሁት። ከሐይቅ ውጫሌ ስንት ጊዜ በአንድ ቻርጅ መመላለስ እንደሚቻል ሦስት ሰዎች ጠየቅሁ፤ የሦስቱም መልስ ተለያየ፤ ትንሹን ያዝኩ። አባቴ ደብተሩን አገላብጦ አየና «የቀለም ሰው መውለድ ለካ እንዲህ ነው» አለ። ቀብዱን ከፈለ። ቀሪውን አሮጌውን ሚኒባስ ሸጦ ሊጨምር ተስማማ። ገዢም አልጠፋም፤ አንድ የውጫሌ እህል ነጋዴ፣ ሚኒባሱን ለዓመታት ሲሳፈርበት የኖረ፣ እወስደዋለሁ አለ።

ወሬው ጎሚስታ ቤት በደረሰ ቀን እኔ ጥጌ ላይ ነበርኩ።

«ሞባይል ገዛህ?» አለ ጎሚስታው። የያዘውን የጎማ ቸርኬ መሬት ላይ ጣለው። «አንተ? አንተ ሰውዬ?»

«ገዛሁ።»

«ፋሽን ነው በዚህ ዕድሜህ የገባህ? ነገ ደግሞ ፀጉርህን ትቆርጥና ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ትሰካለህ!»

«አማረኝ» አለ አባቴ። «ሰው አያምረውም?»

ሐጂ ብቻ ደስ አላቸው። «ላስቲኩ ተነሥቷል?» ብለው ጠየቁ።

«አልተነሣም፣ ሐጂ።»

«እንዳትነካው። ወላሂ እንዳትነካው።»

ጎሚስታው ለሦስት ቀን አባቴን አኮረፈው። በአራተኛው ቀን ግን አሮጌውን ሚኒባስ ለገዢው ሊያዘጋጅ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ራሱ መጣ። ጎማዎቹን አጠቆራቸው። ላሜራውን በሰም ወለወለው። የወንበሮቹን ልብስ አስቀየረ። ስፖኪዮውን ሳይቀር በጋዜጣ አበሰ። «ይህን የማደርገው ለመኪናው ክብር ነው» አለ አባቴን ሳያየው። «ላንተ አይደለም።»

በእኛ አካባቢ መኪና ዱዓ ሳይደረግለት፣ ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። አባቴ ሁሉንም በአንድ እሑድ ሊጨርስ ፈለገ። ጠዋት የሻጩ ሾፌር አዲሱን ከደሴ ያመጣል፤ ነጋዴው አሮጌውን ከፍሎ ይወስዳል፤ አባቴ ከዚያ ላይ ቀሪውን ለሾፌሩ ይሰጣል፤ ሽማግሌዎች አዲሱን ይመርቃሉ፤ ምሳ ይበላል። ሾፌሩ ገና እንደደረሰ አንድ ነገር አስታወቀ፦ ቀሪው ገንዘብ ዛሬ ካልተከፈለ መኪናውን ይዞ እንዲመለስ ታዟል፤ ሌላ ፈላጊ አለ።

የዚያን ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሚኒባሶች ቆመው ነበር። አዲሱ ከደሴ ሲመጣ አስፋልቱ ተቆፍሮ በሚጠገንበት በኩል ስላለፈ ከጣሪያው እስከ ታርጋው ቡናማ ሆኗል። አሮጌው ያብረቀርቃል። ነጋዴው ሞተሩን መስማት ስለፈለገ አባቴ አስነሣለትና እየሠራ ተወው። ከዚያ ሸንጎው በሙሉ፣ አባቴም ጎሚስታውም ሐጂም፣ የአዲሱን ኮፈን ከፍተው ጭንቅላታቸውን ውስጥ ከተቱ። ሞተር ፍለጋ ነበር።

«የታለ?»

«ከኋላ ይሆናል።»

«ከኋላ ዕቃ መጫኛ ነው ያለው።»

«መንገድ ላይ ወድቆበት መጥቶ እንዳይሆን!»

«ልጁን ጠይቁት፣ ሾፌሩን።»

«ተወው፣ ራሳችን እናገኘዋለን። እኛ ነን ሞተር የምንጠይቅ?»

ጎሚስታው ካርቶን አንጥፎ ከሥር ገባ። ሐጂ በመነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደረቡ። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጓሮ ዓሣ እየጠበሰች ነበር። እኔ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይዤ መሀል ላይ ቆሜ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ናቸው። አንዱ ከአርዲቦ በኩል የመጡ ሼህ ናቸው፤ ለቤታችን ደስታም ኀዘንም የሚጠሩ። ሌላው ጎረቤታችን ቄስ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ዕድር፣ በአንድ አጥር የኖሩ። ግቢው ውስጥ አንድ አቧራ የጠጣ መኪና አለ፤ ሰዎች ከላይም ከሥርም ይጎረጉሩታል፤ የተበላሸ ይመስላል። አንድ የሚያብረቀርቅ፣ ጎረቤት እንኳ አሮጌው መሆኑን የማይለየው መኪና አለ፤ ሞተሩ ይሠራል፤ አጠገቡ የክት ልብስ የለበሰ ሰው ቆሟል። ማንም ቢሆን የሚሄደው ወደዚያው ነው። ሄዱ።

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የዚህን ቤት አባወራ በዚህ መኪና በላጭ አድርገው።»

ነጋዴው እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዱዓ ላይ ያለን ሽማግሌ እንዴት ተብሎ ይቋረጣል? ምን ተብሎ ይጀመራል? ይቅርታ አባባ፣ እሱ አይደለም? አንድ ዐረፍተ ነገር በልቤ አዘጋጀሁ፤ ሳዘጋጅ እሳቸው ሌላ ሦስት ዐረፍተ ነገር አልፈዋል።

«ከእጁ አይውጣ። ሌላ ሰው መሪውን አይጨብጠው። ለልጅ ልጁ ይትረፍ።»

«አሚን!» አለ ነጋዴው በልማድ፣ ከዚያም ወደ ሼሁ ቀና ብሎ አየ።

ቄሱ ቀጠሉ፤ መስቀላቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ከክፉ ዓይን፣ ከገደል፣ ከስካር ጠበቁት። ሁለት እጆቼ ማሰሮ ይዘው ስለነበር አልዘረጋኋቸውም። ግን «አሜን» ብያለሁ። ድምፄን ሰምቼዋለሁ።

ሲጨርሱ አባቴ እጁን እያራገፈ መጣ። ሼሁ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «መርሐባ! አየነው። ማሻአላህ፣ አዲስ ነገር እኮ ከሩቁ ያስታውቃል።»

ከአዲሱ ሚኒባስ ሥር የጎሚስታው ሳቅ ተሰማ። ተንፏቆ ወጣ። «አዲስ አሉት! ሰማችሁ? አሮጌውን አዲስ አሉት! ተከራክረን ስንት ዓመት ያልጨረስነውን በአንድ ዱዓ ጨረሱት!»

ነጋዴው ግን እጁን ከሚኒባሱ ላይ እንደሚያቃጥል ነገር አነሣ። «እኔ ይቅርብኝ» አለ።

«ምኑ?» አለ አባቴ።

«መኪናው። ከእጅህ አይውጣ ተብሏል። ሌላ ሰው መሪውን አይጨብጠው ተብሏል። ሌላ ሰው ማለት እኔ ነኝ! በራሴ አፍ አሚን ብዬ እንዴት ነው በራሴ እጅ የምነዳው? ገደሉ የት እንዳለ አውቃለሁ እኮ።»

«ስህተት ነው እንጂ…»

«ዱዓ ስህተት አያውቅም። ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ገንዘቤ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ግን አልችልም።»

የደሴው ሾፌር ሰዓቱን አየ። «ታዲያ እኔ ልመልሰው?»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ አሮጌውን አየ፤ አዲሱን አየ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ፤ ደስታ ነበር፤ ሊደብቀው የሚሞክረው ደስታ። «እንግዲህ» አለ፣ «አላህ ያለው ነው። መልሰው በቃ።»

«አብሽር!» አለ ጎሚስታው እጁን እያጨበጨበ። «ወደ ቤትህ ተመለስክ!»

አባቴ ሊስቅ ሲል ክብደቱ በግራ እግሩ ላይ ዐረፈበት፤ ፈጥኖ አነሣውና የሚኒባሱን በር ያዘ። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም።

«ምን አለች?» አለ ነጋዴው፤ አጠገቤ ስለነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው!» ይህን ጊዜ በጣም ጮህኩ መሰለኝ፤ ጓሮ ያሉት ሴቶች ዝም አሉ። «ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ለማቋረጥ አፍሬ ዝም አልኩ። አባዬ ይህን መኪና ዳግመኛ መንዳት የለበትም። ሐኪም ከልክሎታል። ፋሽን አልገባውም። እግሩ ነው። ፍሪሲዮኑን ከረገጠ እግሩ ያልቃል።»

«አንቺ ልጅ!» አለ አባቴ።

«ይቅርታ አባዬ። ካልተናገርኩ መልሰው ሊወስዱት ነው።»

  ጎሚስታው ካርቶኑን ከመሬት አነሣና ያለ ምክንያት አጠፈው። «እግር ነው ብትለኝ ምናለ?» አለ ቀስ ብሎ። ድምፁ እንዲህ ዝቅ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። «ሦስት ቀን አኮረፍኩህ እኮ።»

«እንድታዝንልኝ አልፈለግሁም።»

«እኔ አላዝንልህም። እሰድብሃለሁ።»

ሼሁ በርጩማ ፈልገው ተቀመጡና ነጋዴውን ጠሩት። «ልጄ፣ የወጣ ዱዓ አይመለስም፤ እውነትህን ነው። ግን የለመንነው ለእሱ ነው። በረካው አሁን የእሱ ነው። የራሱን ነገር ደግሞ ለፈለገው መስጠት ይችላል። በአፉ መርቆ ይስጥህ።»

ቄሱም «ይሆናል፤ የኛም እንደዚያው ነው» አሉ።

«ያገለገለ ምርቃት!» አለ ጎሚስታው። «ተፈትኗል፣ ውሰደው!»

ነጋዴው ሳቀ፤ ግን አልተረታም። «ከልቡ ከሆነ ብቻ» አለ። «ከአንገት በላይ ከሆነ አውቃለሁ።»

አባቴ ነጋዴው ፊት ቆመ። «አላህ ይባርክልህ» አለ።

«ይሄ ከልብ አይደለም።»

«መልካም ጉዞ ያድርግልህ።»

«ይሄ መናኸሪያ ላይ የተጻፈ ነው።»

አባቴ ወደ ሚኒባሱ ዞረ። እጁን ኮፈኑ ላይ አደረገ፤ ሞተሩ ከሥር ያርገበግበዋል።  ሲናገር ነጋዴውን አላየውም።

«ጠዋት ሲነሣ ያስላል። አትደንግጥበት፣ ይተወዋል።»

ሼሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሚን» አሉ።

«ሁለተኛ ማርሽ አይወድም። አትታገለው። ትንሽ ጠብቀው፣ ራሱ ይገባል።»

«አሜን» አሉ ቄሱ።

«የተሳፋሪው በር ወደ ላይ ከፍ ተደርጎ ነው የሚዘጋው። ረዳት ስትቀጥር ይህንን አስተምረው፤ የሚያላትመው ከሆነ አባረው።»

«አሚን!» ይህን ጊዜ ነጋዴውም አብሮ አለ።

«ዳገት ላይ ሙቀቱ ከመሀል ካለፈ ቁምለት። ውኃ ስጠው። አትቸኩል። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ቀጥቶኛል።»

«አሚን።»

«ከኋላ በቀኝ በኩል ስቱኮ አለ።»

ጎሚስታው ዘሎ ተነሣ። «ምን?»

«ውጫሌ ገበያ ውስጥ ወደ ኋላ ስወጣ ግንብ መታሁ። ደሴ ወስጄ አስለስኜ አመጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ወላሂ? የሰው ሙሽራ መኪና እያንኳኳህ! እኔ ስንት ዓመት ሳጥበው!»

«አሚን በል እንጂ» አሉት ሐጂ።

«አሚን! ግን ይሄ አያልፍም፣ እንነጋገራለን!»

ሁሉም ሳቀ፤ አባቴም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅለት ቁልፉን ከሚኒባሱ ነቀለ። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን በነጋዴው መዳፍ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አጠፈለት፤ እጁን ግን ወዲያው አልለቀቀውም።

«እግሬ ነው ያልቻለው» አለ። «እግሬ ቢችል ኖሮ አልሰጥህም ነበር። አሁን ግን ሰጥቼሃለሁ። ለእኔ እንደሠራ ለአንተም ይሥራ።»

 ነጋዴው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ።

ነጋዴው ሚኒባሱን ይዞ ሲወጣ የግቢው በር ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። አባቴ በሁለቱም ጊዜ «ቀስ! ቀስ ብለህ ልቀቀው!» እያለ ጮኸ። በሦስተኛው ወጣ። አስፋልቱ ላይ እስኪርቅ ድረስ የሸንጎው ሰዎች በሙሉ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ቆመው ነበር።

ሾፌሩ ቀሪውን ገንዘብ ተቀበለ። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ወደ አዲሱ ገቡና ላስቲክ ያልተነሣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሲንኮሻኮሽ ከውጪ ይሰማል። ሼሁ ለሁለተኛ ጊዜ እጃቸውን ሊዘረጉ ተነሡ፤ ግን ቀድመው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነይ እስቲ ልጄ። የትኛው ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው።

«አልሰማሁም።»

«ይሄኛው ነው አባባ» አልኩ። «አቧራ የለበሰው።»

በማግስቱ ገበያ ነበር። አባቴ እኔንም ተሳፋሪንም ይዞ ወደ ውጫሌ ወጣ። ፍሬን ሊይዝ በፈለገ ቁጥር ግራ እግሩ ወለሉን ሲረግጥ ከጎኑ ሆኜ አያለሁ፤ እሱም እያየሁት መሆኑን ያውቃል። ከኋላችን ሁለት ዶሮ በዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው «ሾፌር፣ እባክህ አስነሣው እንጂ፣ ገበያው ሊፈታ ነው» አሉት።

«እማማ፣ ከሐይቅ ወጥተናል እኮ።»

እናትየዋ በመስኮት ወደ ውጪ አዩ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። «ሱብሓነላህ» አሉ፤ ዶሮዎቻቸውንም ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ጎሚስታ ቤት አባቴ ይህን ሦስት ጊዜ ተረከው። በሦስተኛው ላይ ዶሮዎቹ አራት ሆነው ነበር። ጎሚስታው ሳቁን ጨርሶ «ሁለት ነበሩ ወይስ አራት? አንቺ ተናገሪ፣ አብረሽ ነበርሽ» አለኝ።

«ሁለት» አልኩ።

«ሰማህ? ዶሮውንም ስቱኮ ልትቀባው ነው!» አለ ጎሚስታው፤ ክርክሩም ከዚያ ቀጠለ።